ቤቱ አዘዞ ወረደ፣ ከተማው ፒያሳ ቀረ

በጎንደር ደቡባዊ ዳር ባለው አዘዞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ወዴት ነህ?» ብትሉት «ጎንደር» ይላችኋል። መታወቂያው ግን የጎንደር ከተማ ነው። የቤቱ ካርታ ላይ ያረፈው ማህተም የጎንደር ነው። ግብሩንም የሚከፍለው ለጎንደር ነው። ያም ሆኖ ሁልጊዜ ጎንደር «ይሄዳል»፤ ማታ ደግሞ ከጎንደር «ይመለሳል»።

ይህን አነጋገር ብዙ ሰው እንደ ልማድ አይቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ስለ ከተማችን አቀማመጥ ከብዙ ሰነድ ይልቅ እውነቱን የሚናገር ይመስለኛል። ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት የጎንደር ቤት ወደ ደቡብ ወርዷል። ሥራው፣ ሆስፒታሉ፣ ትልቁ ገበያ፣ ጉዳይ የሚያልቅበት ቢሮ ግን አብዛኛው ላይኛው ከተማ፣ መሃሉ ፒያሳ ዙሪያ ቀርቷል። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ብዙ ሕዝብ አለ። ጊዜውንም ገንዘቡንም እዚያ መንገድ ላይ ይጨርሳል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በሁለት ወንዝ መሃል

ጎሃ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው የከተማዋ ነገር ቶሎ ይገባዋል። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ። በመሃላቸው ወደ ደቡብ ዝቅ እያለ የሚሄድ የመሬት ጀርባ አለ። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫቸውን የተከሉት እዚያ ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት በብዛት በድንኳን የሚኖሩ፣ ማገዶና ሣር ሲያልቅ ነቅለው የሚሄዱ ነበሩ። ጎንደር ላይ ድንኳኑ ድንጋይ ሆነ።

የድንኳኑ ሥርዓት ግን አልጠፋም። ንጉሡ መሃል፣ ሌላው በየማዕረጉና በየሥራው ዙሪያውን ይሰፍራል። ግቢው 900 ሜትር ያህል በሚረዝም አጥር ተከበበ፤ 12 በሮች ተከፈቱለት። ጳጳሱ የሚኖሩበት ሰፈር አቡን ቤት ተባለ። የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ሆነ። እጨጌ ቤት ሸሽቶ የገባ ሰው የማይነካበት መማጸኛም ነበር። ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና ባለ እጆች ከይላ ሜዳ ሰፈሩ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ወደ ቀሃ ዝቅ ብሎ ያለው አዲስ ዓለም የነጋዴዎቹ የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ አደገ። የከተማዋን ንግድ ያቀኑ ሰዎች ዝቅተኛውን ወንዝ ዳር እንዲይዙ መደረጋቸው በደል ነበር። ይህን ሳልሸፋፍን መናገር እፈልጋለሁ። የድሮዋ ጎንደር ውበት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይህ ይረሳል።

ሌላው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከደብሩ ነው። ልደታ፣ ገብርኤል፣ ዮሐንስ እያልን ዛሬም እንጠራለን። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ካህናቱ፣ ደብተራዎቹ፣ ተማሪዎቹ፣ አገልጋዮቹ በዙሪያው ይሰፍራሉ፤ ሰፈር ይወለዳል። አፄ ኢያሱ በምሥራቅ በኩል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተከሉ። እቴጌ ምንትዋብ በሰሜን ምዕራብ በኩል ተራራው ሥር ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቷ አሠሩ። ከተማዋ የምትሰፋው እንዲህ ነበር። በቀጥታ መንገድ አልተዘረጋችም፤ ከደብር ወደ ደብር ትዘል ነበር። በመሃል ያለው ቦታ እርሻ፣ ጓሮ፣ ጫካ ሆኖ ይቆያል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በሰላም ጊዜ 10,000 ቤተሰብ ይኖርባታል ብሎ ገምቷል።

ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከሱዳን መጡና የተረፈውን አብያተ ክርስቲያናት አነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከነሥዕሉ ተረፈ። ሰው ተበተነ። ስለዚህ ጎንደር ከፋሲለደስ እስከ ዛሬ ሳታቋርጥ ያደገች ከተማ አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው። ሰፊ ልብስ ለብሳ የከሳች ሴትዮ ትመስል ነበር። ስሞቹ፣ ደብሮቹ፣ መንገዶቹ በቦታቸው አሉ፤ በመሃላቸው ግን ሰው የለም። ዘመናዊቷ ከተማ የተሠራችው በዚህ ባዶ ላይ ነው።

የአምስት ዓመት ከተማ

ጣሊያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። የተሸነፈው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት አይሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ የሠራው ግን እስካሁን ይገዛናል።

ጎንደርን የአማራ ግዛት ብሎ ለከለለው ክፍል ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል አርክቴክት ፕላን አወጣላት። የፕላኑ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነበር፤ ነጩ ላይ፣ አገሬው ታች። ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ያለው ከፍታ ለአስተዳደርና ለጣሊያኖች ንግድ ተያዘ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ይህ ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ባንኩ፣ ክብ ጥግ ያላቸው ቢጫ ሕንጻዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ከዚያ ከፍ ብሎ ጨጨላ ለሹማምንቱ መኖሪያ ሆነ። ቪላ፣ ሰፊ ጓሮ፣ ዛፍ። አገሬው በታችኛው ክፍል ተወሰነ። ግንቡ በመሃል እንደ ጌጥ ቆመ።

አስቡት፤ አፄ ዮሐንስ በእምነት የለዩት ሰፈር በጣሊያን ዘመን በቆዳ ቀለም ተለየ። ሁለቱም ጊዜ ዝቅተኛው ቦታ ለተገፋው ተሰጠ።

ጣሊያን ሲወጣ ፕላኑን የቀየረ አልነበረም። ሹማምንቱ ቢጫዎቹ ሕንጻዎች ውስጥ ገቡ። የጣሊያን ማዕከል የእኛ ማዕከል ሆነ። ፒያሳና አውቶፓርኮ የሚሉት ስሞች ራሳቸው አብረውን ቀሩ። ሌላም የቀረ ነገር አለ። ጣሊያን አውሮፕላን የሚያሳርፈው አዘዞ ነበር። ቦታው ሜዳ ነውና። ወደ መተማ የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይገነጠላል። በኋላ የጦር ሰፈሩ ሲጨመርበት አዘዞ ገና ያኔ የራሱ ክብደት ያለው ቦታ ሆነ። ዛሬ የምናየው ወደ ደቡብ መውረድ ሥሩ እዚህ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ኮሌጁ ከሆስፒታሉ ጋር ተያይዞ ላይኛው ከተማ ውስጥ ተተከለ። ከመላ አገሪቱ ተማሪ አመጣ። ሕመምተኛ አመጣ። አስታማሚ አመጣ። ምግብ ቤት፣ ፋርማሲ፣ አልጋ ቤት ተከተሉት። ያኔ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ከተማዋ እዚያው ስለነበረች።

ሰፈር ቁጥር ሲሆን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ ይዞ ቀረ። ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ሰፈሩም በቁጥር ተጠራ። ዛሬም «ቀበሌ 18 ነው ቤቴ» የሚል ሰው ታገኛላችሁ።

ስለዚህ አዋጅ ሰዎች ወይ ያሞግሳሉ ወይ ይራገማሉ። ለከተማዋ አቀማመጥ ያመጣው ነገር ግን ከሁለቱም ይሰፋል። ድሃው መሃል ከተማ መኖር ቻለ። የግንቡ አጥር ሥር፣ ከፒያሳ አምስት ደቂቃ በእግር፣ የቀበሌ ቤት ይዞ ልጅ ያሳደገ ብዙ ቤተሰብ አለ። ልጁ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም በእግሩ ይሄዳል። እናቱ ጠዋት ጉሊት ትወጣለች፤ ማታ ዕቃዋን ተሸክማ በእግሯ ትመለሳለች። የታክሲ ወጪ የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ቤቱን የሚያድስ ጠፋ። ተከራዩ የራሱ አይደለምና አይሠራበትም። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ መቀየር አይችልም። ጭቃው እየረገፈ፣ ምሰሶው እየዘመመ አርባና አምሳ ዓመት አለፈ። መጸዳጃው ለአምስትና ለስድስት አባወራ አንድ ነው። በከተማዋ ውዱ መሬት ላይ ያረጀው ቤት ቆመ። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጤፍ ማሳው እንዴት ሰፈር ሆነ

በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 80,886 ሰው ነበራት። በ1987 ዓ.ም. 112,249 ሆነ። በ1999 ዓ.ም. 207,044 ደረሰ። በመጨረሻዎቹ 12 ዓመታት ከሰማንያ በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አልቆጠረችም። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ለጎንደር ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ የሚሠራው በግምት ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ሰው በጦርነቱና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ሲበዛ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይላላል።

ይህ ሁሉ ሰው የት ገባ? በሰሜን ተራራ አለ። በምሥራቅና በምዕራብ ወንዞቹና ገደላቸው አሉ። የቀረው ደቡብ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1996 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢዎች ከአሮጌው መሃል ወጥተው ሰፉ። ዳሽን ቢራ በአዘዞ መንገድ ላይ ቆመ። አንድ ትልቅ ተቋም ሲወጣ መብራትና መንገድ ይዞ ይወጣል። መብራቱን ተከትሎ ቤት ይመጣል። ኮንዶሚኒየሙም፣ የማህበር ቤቱም እዚያው ዳር ዳር ተሰለፈ። የማህበር ቤት የማያውቅ ካለ፤ ቤት የሌላቸው ሰዎች ተደራጅተው፣ በባንክ ቆጥበው፣ ከመንግሥት ቦታ የሚመሩበት አሠራር ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷ ቤት ያገኙት በብዛት በዚህ ነው። ጥሩ አሠራር ነው። ቦታው ግን ሁልጊዜ ዳር ነው፤ መሃል ላይ ባዶ መሬት የለምና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ያ «ዳር» የሚባለው መሬት ባዶ አልነበረም። ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ነበር።

ማሳ ከተማ የሚሆንባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሕግ ነው። ከተማው ክልሉን ያሰፋል፤ ገበሬው ካሳ ይከፈለዋል፤ መሬቱ በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ገበሬው በቋሚነት ሲነሳ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሻለው። ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። መሻሻሉ እውነት ነው። ስሌቱ ግን አሁንም የሚመለከተው ጤፉን ነው። መሬቱ ነገ በጨረታ የሚያወጣውን ዋጋ አያይም።

ገበሬው ደግሞ ያያል። አጥሩ ማዶ ያለው ቦታ ስንት እንደተሸጠ በሳምንቱ ይሰማል። ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከተማው ሳይመጣበት ቀድሞ ይሸጣል። በወረቀት ውል፣ በሽማግሌ ፊት፣ አንዳንዴም የብድር ውል አስመስሎ። ገዢው ብዙ ጊዜ ሀብታም አይደለም። የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው ወጣት ባልና ሚስት ነው። ሊዝ ጨረታ ላይ ቀርቦ የማያሸንፍ፣ የማህበር ተራ የማይደርሰው ሰው ነው። ሌሊቱን ምሰሶ ተክሎ፣ ቆርቆሮ መትቶ ይገባል። ጨረቃ ቤት የምንለው ነው። ከዚያ ስጋት ይጀምራል። አፍራሽ መጣ ሲባል ዕቃ ማውጣት፣ አለፈ ሲባል መመለስ። አንዱ ይፈርሳል። አንዱ ዓመታት ቆይቶ ሕጋዊ ይሆናል። ሰፈርተኛው የትኛው ዕጣ እንደሚደርሰው አያውቅም።

ገበሬው ያገኘውን ገንዘብ ቶሎ ይጨርሰዋል። ልጆቹ ማሳ የላቸውም፤ የከተማ ሙያም አልተማሩም። በቀን ሥራ ብሎኬት ሲሸከሙ፣ የአባታቸው ማሳ ላይ ለሚሠራ ቤት ሲሸከሙ አይቻለሁ። ይህን ማየት ከባድ ነው።

ለከተማዋ አቀማመጥ ያመጣው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ሰፈር መንገዱ የገበሬው የማሳ ድንበር ነው። ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ ውኃ መውረጃ የሌለው። እሳት አደጋ መኪና አይገባም። ለትምህርት ቤት የተተወ ቦታ የለም። ፕላን የሚመጣው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ፕላን ማውጣት ማለት ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ፕላን» የሚለውን ቃል መፍራት ይጀምራል።

መፍትሔው እስኪገነባ ጠብቆ ማፍረስ ነው ብዬ አላምንም። ቀድሞ ሄዶ መንገዱን ማስመር፣ ገበሬውንም ከመሬቱ ዋጋ ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። ከማሳው ላይ ሥርዓት ያለው የግንባታ ቦታ ቢቀርለት በሌሊት ለመሸጥ ምክንያት አይኖረውም።

አንገረብና ቀሃ

ሰፈር ሲስፋፋ የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ ነው። የጎንደር ውኃ በዋናነት የተንጠለጠለው በአንገረብ ግድብ ላይ ነበር። ግድቡ የሚገኘው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው። ዙሪያው ያለው ተዳፋት ሲታረስ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ቤት ሲሠራበት አፈሩ በክረምት ጎርፍ ወደ ግድቡ ይወርዳል። ደለል ውኃ ይይዝ የነበረውን ቦታ እየሞላው ሄደ። ሰው በእጥፍ ሲጨምር ውኃው ቀነሰ። ውኃ በፈረቃ መጠበቅ፣ ጀሪካን መደርደር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሮቶ መሙላት የጎንደር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ሕይወት ነው። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ።

ቀሃም የራሱ ጉዳት አለው። የጥምቀቱን የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ውኃ ከቀሃ ተጠልፎ ነው የሚገባው። ይኸው ወንዝ ከመሃል ከተማ ፍሳሽና ቆሻሻ ይቀበላል። ቀሃና አንገረብ ሁለቱም ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ጣና ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ እምቦጭ የተባለው አረም ታየ ሲባል የታየው መገጭ በሚገባበት በሰሜኑ ዳርቻ በኩል ነበር። እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። ጎንደር ብቻዋን አመጣችው አልልም። የእርሻው ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ፒያሳ ላይ ቱቦ ውስጥ የጣልነው ነገር ጣና ላይ ዓሣ ለሚያጠምደው ሰው እንደሚደርስ ማወቅ አለብን።

የወንዝ ዳር መሬት በፕላን ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ተቀብቶ ይታያል። መሬት ላይ ስትሄዱ አንዳንዱ ቦታ ቤት ነው፣ አንዳንዱ የድንጋይ ማውጫ ነው፣ አንዳንዱ ቆሻሻ መድፊያ ነው።

ባዶ ቦታን ማን ጠበቀው?

ከጎሃ ላይ ሆናችሁ ስታዩ አሁንም አረንጓዴ የሆነው የት ነው? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ። ቁስቋም። የፋሲል መዋኛ ግቢ። የየደብሩ ቅጥር። ፋሲል ግቢና ሌሎቹ ቅርሶች በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ያም ረድቷል። የዛፎቹ እውነተኛ ጠባቂ ግን ልማድ ነው። ጥር 10 እና 11 ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበት ቦታ ስለሆነ የመዋኛውን ዙሪያ ሸንሽኖ ቤት ልሥራበት የሚል አልመጣም። ጃን ተከል ያለው ዋርካ የቆመው ሰው ሥሩ ስለሚሰበሰብ ነው። ሰው የሚጠቀምበት ባዶ ቦታ ይኖራል። በፕላን ላይ ብቻ «ክፍት ቦታ» የተባለው ያልቃል።

ይህን የምለው ለደቡቡ ነው። አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ዕድር የሚሰበሰብበት ሜዳ ካሁኑ ካልተያዘ ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኝም።

አሁን መሃሉ ሲነካ

በቅርቡ ግንቡ ታድሷል። የኮሪደር ልማቱም ጎንደር ገብቷል። መንገድ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃ ተነጠፈ፣ መብራት ተተከለ። በማታ ከግንቡ አጥር ሥር ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። ይህን መካድ አልችልም፤ አልፈልግምም። ከተማችን ለእግረኛ ክብር የሰጠችበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ቅድም አስታውሱልኝ ወዳልኩት ልመለስ። መሃሉ ሲነካ መጀመሪያ የሚነካው ያ ያረጀ የቀበሌ ቤትና ያ በር ላይ ያለ ትንሽ ሱቅ ነው። ውዱ መሬት ላይ የቆመው እሱ ነውና። የተነሳው ሰው ተለዋጭ ቤት ወይም ቦታ ሲሰጠው የሚሰጠው ዳር ነው። አዲስ ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ መጸዳጃው የራሱ ነው። ግን ያቺ ጉሊት የምትወጣ እናት አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ታክሲ መያዝ አለባት። ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ የምታተርፈው ለታክሲ ይሄዳል። ደንበኛዋ ደግሞ ፒያሳ ነው ያለው። በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው ሆስፒታል የአንድ ሰዓት ጉዞ ይሆናል። የድሮው ቤት ካርታ ላይ ያልተጻፈው ሀብቱ ቅርበቱ ነበር። ካሳ ሲሰላ ግን ቅርበት አይቆጠርም።

ከግንቡ አጠገብ ሰው ከወጣ ግንቡም ይጎዳል። አቡን ቤት ያለ ሰው፣ እጨጌ ቤት ያለ ዕድር፣ ያለ ቡና ጭስ፣ ያለ ልጅ ጩኸት የቱሪስት መናፈሻ ብቻ ይሆናሉ። ግጭት ሲኖር ደግሞ ቱሪስት አይመጣም። ይህን ባለፉት ዓመታት ሆቴሎቻችን ባዶ ሲያድሩ አይተናል። ነዋሪ ያለበት ሰፈር ግን ቱሪስት ቢመጣም ባይመጣም ይኖራል። ስለዚህ ከሚነሱት ቤተሰቦች ቢያንስ ከፊሉ እዚያው መሃል፣ የግንቡን እይታ በማይጋርድ ዝቅ ያለ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ተሠርቶላቸው ሊቆዩ ይገባል። መሬቱ አለ። የቀበሌ ቤቶቹ ሁሉም ምድር ቤት ናቸው፤ አንድ ፎቅ ብቻ ቢጨመር በዚያው ስፋት እጥፍ ቤተሰብ ይይዛል።

አዘዞንም በተመለከተ ጊዜው እያለቀ ነው። አዘዞ ጠዳ በመዋቅር ክፍለ ከተማ ተብሏል። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው። የመተማው መንገድ እዚያ ነው። ሜዳው እዚያ ነው። የጎደለው ሰው ጉዳዩን ጨርሶ የሚገባበት ማዕከል ነው። ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ ሆስፒታል፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ያለ ትልቅ ገበያ፣ ካርታም ንግድ ፈቃድም ፍርድ ቤትም በአንድ አካባቢ የሚገኙበት ቦታ። ለእነዚህ የሚበቃ ሰፊ መሬት በአዘዞ መንገድ ግራና ቀኝ አሁንም በቁራጭ በቁራጭ አለ። በየዓመቱ እየተሸነሸነ ለመጋዘንና ለመኖሪያ ይሰጣል። አንዴ ከተሰጠ መልሶ ማግኘት ማለት እንደገና ካሳ፣ እንደገና ማፍረስ ነው። ቀጣዩ ፕላን ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የማየው መሃሉን አይደለም። አዘዞ ላይ ለሆስፒታልና ለገበያ ስንት ሄክታር እንደተያዘ፣ የተያዘውም ቦታ መሬት ላይ ችካል ተመትቶበት እንደሆነ ነው።

ያን ቀን እስክናይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዘዞ ታክሲ ተራ ያለው ሰልፍ አይቀንስም። ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ካርድ የያዘች እርጉዝ፣ ዘምቢል የያዘች እናት ይሰለፋሉ። ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። እነሱ ደግሞ ጎንደር ይሄዳሉ።